«እዚህ ጋ» ሲባል ማውሱ ሌላ ቦታ ሲሆን፦ የስክሪን ቅጂ ድምፅና ምስልን ማናበብ

ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ የኤክሴል ትምህርት ቀርጬ ለተማሪዎቼ በቴሌግራም ላክሁ። ማታ ላይ አንዷ ተማሪ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «ቲቸር፣ መጀመሪያ ላይ በደንብ እየገባኝ ነበር። ወደ መጨረሻው ግን ‹እዚህ ጋ› ሲሉ ማውሱ ሌላ ቦታ ነው ያለው። የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደምጽፍ ግራ ገባኝ።»

ከፍቼ አየሁት። እውነቷን ነው። መጨረሻው አካባቢ «ይቺን ክሊክ አድርጉ» ስል፣ ማውሱ ያቺን ሳጥን አልፎ ወደ ታችኛዋ ወርዷል። ድምፄ ከእጄ ኋላ ቀርቷል።

ስክሪን ቀርጾ ማስተማር «ይሄን»፣ «ይቺን»፣ «እዚህ ጋ» በሚሉ ቃላት ላይ የቆመ ሥራ ነው። ድምፁና ምስሉ ካልተናበቡ እነዚህ ቃላት ወደ ተሳሳተ ቦታ ይጠቁማሉ። ድራማ ላይ ቢሆን ያናድዳል እንጂ ሰው አይጎዳም። ትምህርት ላይ ግን ተማሪው ራሱን ነው የሚጠራጠረው። «እኔ ነኝ ያልገባኝ» ይላል። እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

ያን ሌሊት የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። ምን እንደሆነ ሳላጣራ ድምፁን በአንድ ሰከንድ አስቀደምኩት። መጨረሻው ተስተካከለ። መጀመሪያው ተበላሸ። ግማሽ ሰከንድ ሞከርኩ። መሀሉ ብቻ ደህና ሆነ። እንዲህ እያልኩ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆነ። ችግሩ የመዘግየት ሳይሆን ቀስ እያለ የመራራቅ ነበር። መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። ስለዚህ ይሄ መመሪያ ከምርመራ ይጀምራል። ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት የትኛው ችግር እንደያዛችሁ እወቁ።

የምቀርጸው አራት ኪሎ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ያለኝ መካከለኛ ላፕቶፕ፣ የዩኤስቢ ማይክና ዌብካም ነው። አሁን የምጠቀመው ኦቢኤስ ስቱዲዮ የሚባለውን ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፤ ዊንዶውስ ላይም፣ ማክ ላይም፣ ሊኑክስ ላይም ይሠራል። በሌላ ፕሮግራም የምትቀርጹም አንብቡት። የሜኑው ስም ይለያይ እንጂ ችግሩ አንድ ነው።

መጀመሪያ፦ ጥፋቱ የፋይሉ ነው ወይስ የማጫወቻው?

ፋይሉ ደህና ሆኖ የምታዩበት መንገድ ሊያሳስታችሁ ይችላል። ዋናው ተጠርጣሪ የብሉቱዝ ኢርፎን ነው። ብሉቱዝ ድምፁን ጠቅልሎ፣ ልኮ፣ እዚያ ፈትቶ እስኪያሰማችሁ ድረስ ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሰከንድ ሊፈጅ ይችላል። አንዳንድ ማጫወቻ ይሄን አውቆ ምስሉንም አብሮ ያዘገየዋል። አንዳንዱ ምንም አያደርግም። በተለይ ኤዲት ስታደርጉ በብሉቱዝ አትስሙ። ያልታመመውን ፋይል አክማችሁ ታሳምሙታላችሁ።

ስለዚህ ባለ ገመድ ኢርፎን ሰኩ ወይም በላፕቶፑ ስፒከር ስሙት። ፋይሉ ፍላሽ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተሩ ኮፒ አድርጉት። ከዚያ ቪኤልሲ በሚባለው ነፃ ማጫወቻ ክፈቱት። ቪኤልሲ ላይ የ«ኬ» ቁልፍን አንዴ ስትጫኑ ድምፁ በ50 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል። «ጄ»ን ስትጫኑ በ50 ይቀድማል። ፋይሉን ራሱን አይቀይረውም፤ ለምርመራ ብቻ ነው። እስኪናበብ ድረስ ተጫኑና ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቁጥር ጻፉት። ያ ቁጥር በኋላ ይጠቅማችኋል።

በሌላ ማጫወቻ፣ በሌላ ስልክ፣ በገመድ ሲሰማ ችግሩ ከጠፋ ፋይሉን ተዉት። ካልጠፋ እንቀጥል።

የሁለት ጭብጨባ ምርመራ

አዲስ የሙከራ ቅጂ ጀምሩ። ካሜራው ፊት እጃችሁን አንድ ጊዜ ጮክ አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ከዚያ እንደ ወትሮው አስተምሩ። 2 ደቂቃ አይበቃም። ቢያንስ 30 ደቂቃ ይሂድ። ልታቆሙ ስትሉ ደግሞ አንዴ አጨብጭቡ።

ካሜራ ከሌላችሁ ማውሱን ተጠቀሙ። ፔይንት ክፈቱ፤ ወፍራም ብሩሽ ምረጡ፤ ማይኩን ወደ ማውሱ አስጠጉና አንዴ ጠቅ አድርጉ። ነጥቡ ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ የማውሱ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ደግሞ ማይኩ ውስጥ ይገባል። መጨረሻ ላይም ይደገም።

ፋይሉን ኤዲት ማድረጊያ ውስጥ አስገቡና የድምፁን ሞገድ አጉሉት። ጭብጨባው ጸጥ ካለው መስመር ላይ እንደ ሹል ተራራ ድንገት ብድግ ይላል። እዚያ ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ በቀስት ቁልፍ አንድ አንድ ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራበት እያንዳንዱ ምስል) እየሄዳችሁ ሁለቱ መዳፎች የሚገናኙበትን ፍሬም ፈልጉ። በመሀላቸው ስንት ፍሬም አለ? ቅጂው በሰከንድ 30 ፍሬም ከሆነ አንዱ ፍሬም 33 ሚሊ ሰከንድ ግድም ነው። 6 ፍሬም ከተራራቁ 200 ሚሊ ሰከንድ ማለት ነው። በሰከንድ 60 ከሆነ አንዱ ፍሬም ወደ 17 ይወርዳል።

ሳያጨበጭቡ የቀረጹትስ? የራሳችሁን ከንፈር ተጠቀሙ። ከንፈር ገጥሞ የሚከፈትባቸውን ፊደላት ፈልጉ፦ በ፣ መ፣ ፐ፣ ጰ። ከሁሉም የሚሻለኝ ጰ ነው። «ጳጳስ» ብላችሁ በመስታወት እዩት። ከንፈር ሁለት ጊዜ ግጥም ብሎ ይፈነዳል። ሞገዱም ላይ ሁለት ሹል ጫፍ ይታያል። ትምህርታችሁ ውስጥ ጳጳስ ላይኖር ይችላል፤ «ፔጅ» ወይም «ፖይንት» ግን አይጠፋም። «አበባ» ላይ አትመኩ። በመሀል የሚገባው በ ላላ ብሎ ነው የሚያልፈው፤ ከንፈር በደንብ አይገጥምም። ጠበቅ የሚለው የ«አባ» በ ይሻላል።

አሁን የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ልዩነት አወዳድሩ። ሁለቱም እኩል ከሆኑ ችግሩ ቋሚ መዘግየት ነው። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሆኖ መጨረሻ ላይ ከሰፋ መራራቅ ነው። እስከ ሆነ ቦታ ድረስ ደህና ሄዶ ድንገት ከተበላሸ ዝላይ ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል ሲሆን ነው የሚያስጨንቀው? ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ለቴሌቪዥን ሥርጭት ባወጣው ምክረ ሐሳብ መሠረት፣ ሰው ልዩነቱን ማስተዋል የሚጀምረው ድምፁ በ45 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ሲቀድም ወይም በ125 ገደማ ሲዘገይ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ለምን እኩል አልሆኑም? ተፈጥሮ መዘግየትን አስለምዶናል። ክረምት ላይ እንጦጦ አናት ላይ መብረቅ ብልጭ ሲል ከአራት ኪሎ ታዩታላችሁ፤ ነጎድጓዱ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ከብልጭታው ቀድሞ የሚመጣ ነጎድጓድ ግን ማንም ሰምቶ አያውቅም። ስለዚህ ካጠራጠራችሁ ድምፁን በጥቂቱ ማዘግየት ከማስቀደም ይሻላል።

ቋሚ መዘግየት

ይሄ ቀላሉ ነው። የተቀረጸውን ለማዳን ኤዲት ማድረጊያው ውስጥ ድምፁን ከምስሉ አላቅቁት። በቆጠራችሁት ፍሬም ልክ አስቀድሙት ወይም አዘግዩት። አበቃ።

ቀጣዩ ቅጂ ከመጀመሪያው እንዲስተካከል ደግሞ ኦቢኤስ ላይ ኤዲት የሚለውን ሜኑ ክፈቱና አድቫንስድ ኦዲዮ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ግቡ። የማይካችሁ ስም ትይዩ ሲንክ ኦፍሴት የሚል ሳጥን አለ። የሚለካው በሚሊ ሰከንድ ነው። 200 ብትጽፉ ድምፁ በ200 ይዘገያል። ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ጨምራችሁ ብትጽፉ ይቀድማል። ከዚያ እንደገና አጨብጭባችሁ አረጋግጡ።

እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። ስክሪን በሚቀረጽበት ጊዜ የሚናበቡት ሁለት ነገሮች አይደሉም። ስክሪን፣ ካሜራና ማይክ፣ ሦስት ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ስክሪኑና ማይኩ ተቀራርበው ይደርሳሉ። የሚዘገየው ካሜራው ነው። ጭብጨባውን በካሜራ ለክታችሁ ማይኩን በ200 ካዘገያችሁት፣ ከንፈራችሁ ይስተካከልና ማውሱ ከድምፃችሁ ይቀድማል። ተማሪዬ የነገረችኝን ችግር በገዛ እጃችሁ ታመጡታላችሁ። ብዙ መመሪያ ይሄን ይዘለዋል። በጣም አስፈላጊ ስለሆነ ነው የማሰምርበት።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ማይኩን ለካሜራው ብላችሁ ካዘገያችሁ ስክሪኑንም በዚያው ልክ አዘግዩት። የስክሪኑን ምንጭ በቀኝ ጠቅ አድርጉ፣ ፊልተርስ ውስጥ ግቡ፣ ሬንደር ዲሌይ የሚለውን ጨምሩና 200 ጻፉ። ሬንደር ዲሌይ እስከ 500 ሚሊ ሰከንድ ይሄዳል፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። የእናንተ ፊት ጥግ ላይ የተቀመጠች ትንሽ መስኮት ብቻ ከሆነች ግን እኔ ለካሜራው ብዬ ሌላውን ሁሉ አላንገላታም። ማውሱና ድምፁ ይናበቡ። ተማሪው የሚያየው ማውሱን ነው።

ካሜራውን ራሱን ማፍጠን ከተቻለ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ዌብካም ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ብርሃን ለመሰብሰብ ብሎ በሰከንድ የሚያነሳውን ፍሬም ይቀንሳል። 30 የነበረው 15 ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ምስሉ ይንቀራፈፋል፤ ከድምፁም ወደ ኋላ ይቀራል። ክረምት ላይ የኔ ክፍል ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ትጨልማለች። ፊቴ ላይ አንድ መብራት ከጨመርኩ ወዲህ የካሜራው መዘግየት በግልጽ ቀነሰ። እግረ መንገዳችሁን የካሜራው ሴቲንግ ውስጥ የመብራት ድግግሞሹን 50 ኸርዝ አድርጉት። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ስለሆነ 60 ላይ ከተተወ ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል።

መራራቅ

ሌሊቱን የወሰደብኝ ይሄኛው ነው። መነሻው ሦስት ዓይነት ስለሆነ ከእናንተ ጋር የሚገጥመውን ለዩ።

የኔ መነሻ የተለዋዋጭ ፍሬም ጉዳይ ነበር። ያን ቀን የቀረጽኩት በኦቢኤስ ሳይሆን ቀለል ባለ ሌላ መቅረጫ ነው። ስልክ ላይ ያሉ የስክሪን መቅረጫዎችም በብዛት እንዲህ ይሠራሉ። መቅረጫው ፍሬም የሚጨምረው ስክሪኑ ላይ ለውጥ ሲኖር ነው። ማውሱ ሲሄድ፣ ገጽ ሲገለበጥ በሰከንድ 30 ያነሳል። አንድ ሰንጠረዥ ከፍቼ 2 ደቂቃ ሙሉ ሳብራራ ግን ስክሪኑ አይነቃነቅም። ያኔ የሚያነሳው ጥቂት ነው። እያንዳንዱ ፍሬም መቼ መታየት እንዳለበት ፋይሉ ውስጥ ተጽፏል። ቪኤልሲ ይሄን አንብቦ በትክክል ያጫውታል። አንዳንድ ኤዲት ማድረጊያ ግን ሁሉም ፍሬም እኩል ርቀት ያለው ይመስለዋል። ፍሬሞቹን ተርታ ያስገባቸዋል። ብዙ ባወራሁበትና ስክሪኑ ጸጥ ባለበት ቦታ ሁሉ ምስሉ እያጠረ፣ ድምፁ እየቀረ ይሄዳል። ምልክቱም ይሄው ነው፤ ዋናው ፋይል በቪኤልሲ ደህና ነው፣ ኤዲት ሲደረግ ይበላሻል።

ሚዲያኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ፋይሉን ጎትታችሁ ብትጥሉበት ፍሬም ሬት ሞድ በሚለው ትይዩ ቫሪያብል ወይም ኮንስታንት ብሎ ይነግራችኋል። ቫሪያብል ካለ ሐንድብሬክን አውርዱ። እሱም ነፃ ነው። ከዚያ እንዲህ ሂዱ፦

1. ዋናውን ያልተነካ ፋይል ሐንድብሬክ ውስጥ ክፈቱ። ኤዲት የተደረገውን አይደለም።
2. ቪዲዮ የሚለውን ታብ ተጫኑ።
3. ፍሬምሬት ላይ 30 ምረጡ። ሥሩ ካሉት አማራጮች ኮንስታንት ፍሬምሬት የሚለውን ያዙ። ካልነካችሁት ብዙ ጊዜ ፒክ የሚለው ላይ ነው የሚሆነው፤ ፒክ ተለዋዋጭነቱን አያጠፋውም።
4. ጥራቱን ከ18 እስከ 20 ባለው ላይ አድርጉት። ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል፤ ፋይሉም ይከብዳል።
5. አስጀምሩትና ጠብቁ። እንደ ላፕቶፓችሁ አቅም ረዘም ሊል ይችላል።

የወጣውን አዲስ ፋይል በአዲስ ፕሮጀክት ኤዲት አድርጉ። የኔ ትምህርት በዚህ ብቻ ዳነ። አንዲት ሚሊ ሰከንድ መጎተት አላስፈለገኝም።

ሁለተኛው መነሻ በሁለት ዕቃ መቅረጽ ነው። የላፕቶፑ ማይክ የፋኑን ጩኸት ስለሚሰበስብ ብዙ ሰው ስክሪኑን በላፕቶፕ፣ ድምፁን በስልክ ይቀርጻል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ እኔም ሠርቼበታለሁ። ነገር ግን ሁለቱ ዕቃዎች የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። ሰዓቶቹ በጣም ቢቀራረቡም አንድ አይደሉም። ከ10,000 አንድ እጅ ቢለያዩ በአንድ ሰዓት ውስጥ 360 ሚሊ ሰከንድ ይራራቃሉ። ያ ደግሞ በዓይን ይታያል።

እዚህ ላይ ሁለቱ ጭብጨባዎች ወርቅ ናቸው። በቪዲዮው ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጭብጨባ ያለውን ጊዜ ለኩ። 58 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ሆነ እንበል። በስልኩ ድምፅ ላይ ደግሞ 58 ደቂቃ ከ20.35 ሰከንድ ሆነ። ድምፁ በ350 ሚሊ ሰከንድ ረዝሟል። ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ የድምፅ ማረሚያ ውስጥ አስገቡት። ከመጀመሪያው ጭብጨባ በፊትና ከመጨረሻው በኋላ ያለውን ቁረጡ። ሁሉንም ምረጡና ኢፌክት ውስጥ ቼንጅ ስፒድ ኤንድ ፒች የሚለውን ክፈቱ። አዲሱ ርዝመት በሚለው ቦታ ላይ የቪዲዮውን ርዝመት ጻፉ። እሱ ራሱ አስልቶ ያሳጥረዋል። ለውጡ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ድምፃችሁ አይቀየርም። ከዚያ የመጀመሪያውን ጭብጨባ ከመጀመሪያው ጋር ግጠሙ፤ መጨረሻው ራሱ ይገጥማል።

ይሄ ዘዴ ለተለዋዋጭ ፍሬም እንደማይሠራ ልብ በሉ። እዚያ መራራቁ አንድ ወጥ አይደለም፤ በጸጥታው ቦታ ይሰፋል፣ በሌላው ይቆማል። ስትለጥጡት ጫፎቹ ቢገጥሙም መሀሉ አይገጥምም።

ሦስተኛው የሳምፕል ሬት አለመግባባት ነው። ድምፅ ሲቀረጽ በሰከንድ 44,100 ወይም 48,000 ጊዜ ይለካል። በ44,100 የተቀረጸ ድምፅ 48,000 ነው ተብሎ ቢጫወት የአንድ ሰዓቱ ትምህርት በ55 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ተኩል ያልቃል፤ ድምፃችሁም ይቀጥናል። እንዲህ ያለ ከባድ ስህተት ብዙም አያጋጥምም፤ ዊንዶውስ መሀል ገብቶ ይቀይራል። ግን በየመሀሉ ያለው ቅየራ ስንጥቅጥቅ የሚል ድምፅና ቀስ ያለ መራራቅ ሊያመጣ ስለሚችል ሁሉንም 48,000 ማድረግ ነው። ወጪ የለውም፤ 5 ደቂቃ አይፈጅም።

ኦቢኤስ ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኦዲዮ፤ ሳምፕል ሬቱን 48 ኪሎ ኸርዝ አድርጉ። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ሳውንድን ክፈቱ። ሪከርዲንግ ከሚለው ሥር ማይካችሁን ምረጡ፤ ፕሮፐርቲስ፣ አድቫንስድ፤ ከዝርዝሩ 48000 ኸርዝ የሚለውን ያዙ። ፕሌይባክ ከሚለው ሥር ለስፒከሩም እንዲሁ። ማክ ላይ ይሄ የሚገኘው ኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ በሚባለው ውስጥ ነው። የኤዲት ፕሮጀክታችሁም 48,000 መሆኑን እዩ።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም ማይኩ በኦቢኤስ ውስጥ ከራቀ፣ የማይኩን ፕሮፐርቲስ ክፈቱ። ዩዝ ዲቫይስ ታይምስታምፕስ የሚል ሳጥን አለ። ምልክቱ ካለ አንሱት፤ ከሌለ አድርጉበት። የሚጠይቀው የማንን ሰዓት ልከተል ነው፤ የማይኩን ወይስ የኮምፒውተሩን? አንዱን ሞክራችሁ በሁለት ጭብጨባ ለኩ። የሚሻለውን ያዙ።

ዝላይ

20 ደቂቃ በሰላም ሄዶ ድንገት ከተበላሸ ኮምፒውተሩ አልቻለም ማለት ነው። ምስሉን ማሸግ (ኢንኮዲንግ የሚባለው) ከባድ ሥራ ነው። ፕሮሰሰሩ ሲጨናነቅ ፍሬም ይጥላል።

ኦቢኤስ ላይ ዶክስ የሚለውን ሜኑ ከፍታችሁ ስታትስን አውጡ። በሬንደሪንግ ምክንያት ያመለጡና በኢንኮዲንግ ምክንያት የተዘለሉ ፍሬሞችን ይቆጥራል። ሁለቱም ዜሮ ላይ መቆየት አለባቸው። የመጀመሪያው ከጨመረ ግራፊክስ ካርዱ ተጨናንቋል። ሁለተኛው ከጨመረ ኢንኮደሩ ነው።

ኢንኮደሩ ከሆነ ሴቲንግስ ውስጥ አውትፑት ላይ ሂዱና ኤክስ264 ላይ ከሆነ ወደ ሃርድዌር ቀይሩት፤ ኢንቴል ከሆነ ክዊክሲንክ፣ ኤንቪዲያ ካላችሁ ኤንቬንክ። ፍሬሙን ከ60 ወደ 30 አውርዱ። ለኤክሴል ትምህርት 60 ምንም አይጨምርም። ክሮም ላይ የከፈታችሁትን 20 ታብ ዝጉ።

ሰው ብዙ ጊዜ የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ሲስተሙ ለጥቂት ሰከንድ ከታነቀ ኦቢኤስ ድምፁን ለመጠበቅ ሲል ድምፁን ለጊዜው የሚይዝበትን ማቆያ (በፈር) እያሰፋ ይሄዳል። የሰፋው ማቆያ ከዚያ በኋላ አይጠብም። ሄልፕ ውስጥ ገብታችሁ የዛሬውን ሎግ ብትከፍቱ «ማክስ ኦዲዮ በፈሪንግ ሪችድ» የሚል መስመር ታገኙ ይሆናል። ካገኛችሁ ኦቢኤስን ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱት። ቀረጻውን አቁሞ መጀመር ብቻ አይበቃም።

ከዚያ ደግሞ የመብራት ጉዳይ አለ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፤ ደህና ይመስላል። ነገር ግን ብዙ ላፕቶፕ ቻርጀሩ ሲነቀል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ዝላዩ የሚመጣው ልክ በዚያች ቅጽበት ነው። ቅጂው ላይ አምፖሉ ድርግም ሲል ይታያል፤ ከዚያ 10 ሰከንድ ሳይቆይ ድምፁና ምስሉ ይለያያሉ። መብራት ከሄደ እኔ አቆማለሁ። ሲመጣ አዲስ ፋይል እጀምራለሁ። በባትሪ መቀጠል ግድ ከሆነባችሁ የዊንዶውስን የኃይል ሴቲንግ ቤስት ፐርፎርማንስ ላይ አድርጉት።

ዴስክቶፕ የምትጠቀሙ ደግሞ በኤምፒፎር አትቅረጹ። በተለመደው ኤምፒፎር ማውጫው የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። መብራት መሀል ላይ ከሄደ የአንድ ሰዓት ድካማችሁ የማይከፈት ፋይል ይሆናል። በኤምኬቪ ቅረጹ፤ እስከተቋረጠበት ድረስ ያለው ይተርፋል። ሲያልቅ ፋይል ከሚለው ሜኑ ሪማክስ ሪከርዲንግስ ብላችሁ ወደ ኤምፒፎር ቀይሩት። ጥራቱ አይነካም፤ የሚፈጀውም ጥቂት ሰከንድ ነው።

የዘለለውን ፋይል ማዳን ትዕግሥት ይጠይቃል። ዝላዩ ያለበትን ቦታ ፈልጋችሁ ትንፋሽ የሳባችሁበት ላይ ድምፁን ቁረጡት። ከዚያ በኋላ ያለውን ብቻ ግጠሙ። ሌላ ዝላይ ካለ እንዲሁ። ቃል መሀል ላይ አትቁረጡ፤ ይሰማል።

ከመላካችሁ በፊት

ኤክስፖርት ስታደርጉ ፍሬሙ ከፕሮጀክቱ ጋር አንድ ይሁን። የወጣውን ፋይል መጀመሪያውን፣ መሀሉንና የመጨረሻውን 1 ደቂቃ በባለ ገመድ ኢርፎን እዩት። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ ሳይጨመቅ እንዳለ ይደርሳል። ተማሪዎቻችሁ በብሉቱዝ እየሰሙ እንደሆነም ጠይቁ።

የኔ ካሜራ፣ የኔ ማይክና የኔ ላፕቶፕ ቁጥራቸው 130 ሚሊ ሰከንድ ነው። ወረቀት ላይ ጽፌ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጥፌዋለሁ። የእናንተ ሌላ ስለሚሆን የኔን አትውሰዱ፤ ለኩ። ካሜራ ስትቀይሩ፣ የዩኤስቢውን ቀዳዳ ስትቀይሩ፣ ኦቢኤስን አፕዴት ስታደርጉ ወረቀቱን ቀዳችሁ ጣሉና እንደገና አጨብጭቡ።